ለዕለት እንጀራ ማመስገን፦ ከጆርጅ ሙለር ሕይወት የምንማረው



የጆርጅ ሙለርን ስም ያልሰማ አማኝ በመካከላችን ጥቂት ነው። በባዶ ማዕድ ዙሪያ ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስቦ ስላቀረበው ምስጋና፣ ወዲያውም በሩን አንኳኩቶ ስለ ገባው እንጀራና ወተት የሚነገረውን ታሪክ በብዙ መድረክ ላይ ሰምታችሁ ይሆናል። ታሪኩን ሰምተን እልል እንላለን፣ ጌታንም እናከብራለን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን የሚጠብቀን የኪራይ ቀን፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወራት ያስቆጠረና መልስ ያላገኘ ጸሎት ነው። ያን ጊዜ ሙለር የተለየ ፍጥረት፣ እኛ ደግሞ ተራ ሰዎች እንደ ሆንን ይሰማናል።

ሙለር ራሱ በዚህ አይስማማም ነበር። ለእርሱ የተሰጠው እምነት ለማንኛውም አማኝ ከተሰጠው የተለየ አለመሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ለረጅም ዓመታት የጻፈውን የዕለት ማስታወሻ የተመለከተ ሰውም ይህንኑ ያያል። በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ድንቅ የሚያሰኙ ቀናት አሉ። ነገር ግን ከእነርሱ የሚበዙት በጥቂት ሽልንግ የታለፉ ተራ ቀናት ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ይህን ሰው ከነድካሙ፣ ከነኀዘኑና ከነምስጋናው በጥቂቱ እንመልከተው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌባው ተማሪ

ጆርጅ ሙለር መስከረም 27 ቀን 1805 በፕሩስያ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ ነበሩ። ልጁ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው አባቱ ከሰበሰቡት የመንግሥት ገንዘብ እየደጋገመ ይሰርቅ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ በሞቱባት ሌሊት፣ መታመማቸውን እንኳ ሳያውቅ፣ ካርታ ሲጫወት አመሸ። በ16 ዓመቱም በሆቴል ተቀምጦ ሒሳቡን መክፈል ስላቃተው ወኅኒ ወርዶ ሳምንታት አሳለፈ።

ታዲያ ይህ ወጣት በሃለ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ምን ነበር መሰላችሁ? ነገረ መለኮት! አባቱ የፈለጉት ልጃቸው ደኅና ደመወዝ ያለው ቄስ ሆኖ በስተርጅና እንዲጦራቸው ነበር። ልጁ ግን መጽሐፍ ቅዱስን አያነብም፣ አምላኩንም አያውቅም ነበር።

በኅዳር 1825 አንድ ቅዳሜ ምሽት ጓደኛው በአንድ ነጋዴ ቤት ወደሚደረግ የጸሎት ስብሰባ ወሰደው። በዚያ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ስብከቱ አልነበረም ያስደነቀው። ያ መንበርከክ ግን ልቡን ነካው። ከዚያ ምሽት በኋላ ሕይወቱ ተለወጠ።

ወንጌልን ለማገልገል እንደሚፈልግ ለአባቱ በነገራቸው ጊዜ አባቱ ክፉኛ ተቆጡ። ሙለርም የእርሳቸውን ምኞት ለመፈጸም ካልሆነ ገንዘባቸውን መቀበል እንደማይገባው ተሰማው። የተማሪ ኑሮውን በምን ሊገፋው ነው? በዚያው ወቅት ከአሜሪካ የመጡ ምሁራን ሃለ ደረሱ። ጀርመንኛ የሚያስተምራቸው ሰው ፈለጉ፤ ሙለርም እያስተማራቸው የሚበቃውን ያህል አገኘ። ጌታ ወጣቱን በዚህ መልኩ ማሠልጠን ጀመረ። አስተውሉ! እንጀራው የወረደው ከሰማይ ደመና አይደለም፤ በሥራ መልክ መጣለት። እርሱ ግን ሰጪው ማን እንደ ሆነ አወቀ።

ደመወዙን የተወ መጋቢ

በ1829 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ ብዙም ሳይቆይ በቴይንማውዝ ከተማ የአንዲት ትንሽ ጉባኤ መጋቢ ሆነ። በጥቅምት 1830 ሜሪ ግሮቭስን አገባ። ከጋብቻቸው በኋላ ሳምንታት እንኳ ሳይቆጠሩ ባልና ሚስቱ የተቆረጠ ደመወዝ ላለመቀበል ወሰኑ። ገንዘቡ የሚመጣው ምእመናን ለመቀመጫ ቦታ ከሚከፍሉት ኪራይ ስለ ነበረ ባለጠጋው ከፊት፣ ድኻው ከኋላ ይቀመጥ ነበር። ይህም ከያዕቆብ መልእክት ጋር አልስማማ አላቸው። ስለዚህ መስጠት የፈለገ በፈቃዱ የሚያኖርበት ሣጥን በጸሎት ቤቱ ተቀመጠ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሙለር እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ደመወዝተኛ አልሆነም። ከሰውም ገንዘብ አልለመነም።

በ1832 ከወዳጁ ከሄንሪ ክሬክ ጋር ወደ ብሪስቶል ከተማ ሄደ። በዚያ ባገለገለባቸው ቤቶች ያየው ነገር እረፍት ነሣው። ያገኛቸው ሰዎች አማኞች ነበሩ፤ እሑድ ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት ይዘምራሉ፣ ሰኞ ግን ጭንቀት ያንቃቸዋል። አንድ ወንድም በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይሠራ ነበር። ሰውነቱ ተጎድቷል፣ ነፍሱም ደርቃለች። ሥራህን ቀንስና ለነፍስህ ጊዜ ስጥ ሲባል ቤተሰቤ ምን ይበላል ብሎ ይፈራል። ሌሎች በስተርጅና ለድኾች መጠለያ እንዳረጋለን ብለው ይሰጉ ነበር። ነጋዴዎቹም ኅሊናቸው የማይቀበለውን ንግድ ካልተከተልን አንኖርም ይሉ ነበር።

ወገኖቼ፣ እነዚህን ሰዎች አላወቃችኋቸውም? በየቤታችን ያሉ አይደሉም እንዴ?

ሙለር የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ለመክፈት ያሰበበት ዋና ምክንያት ይኸው ነበር። ልጆቹን በእርግጥ ይወዳቸው ነበር። ከዚያ በላይ ግን እግዚአብሔር ዛሬም ጸሎትን የሚሰማ ታማኝ አምላክ መሆኑን እነዚያ የፈሩ ወንድሞችና እኅቶች በዓይናቸው የሚያዩት ማስረጃ እንዲኖር ፈለገ። አንድ ድኻ ሰው ማንንም ሳይለምን፣ በጸሎት ብቻ ልጆችን መግቦ ማሳደግ ከቻለ እነርሱም ለራሳቸው ቤት መታመን ይችላሉ።

በታኅሣሥ 1835 መዝሙር 81፥10ን ሲያነብ እግዚአብሔር አፉን በሰፊው ለሚከፍት ሰው እንደሚሞላለት የሚናገረው ቃል ልቡን ያዘው። ቤት፣ 1,000 ፓውንድና ረዳቶች እንዲሰጠው ለመነ። ስጦታውም መምጣት ጀመረ። በየካቲት 1836 ልጆች የሚመዘገቡበት ቀን ደርሶ ሙለር ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ጠበቀ። አንድም ሰው አልመጣም! ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ነገር ትዝ አለው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ሠራተኞቹና ስለ ዕቃው ሁሉ ጸልዮአል፤ ልጆች እንዲመጡ ግን አልጸለየም። ድኻ ልጅ መቼም አይጠፋም ብሎ ገምቶ ነበርና። በዚያ ምሽት በጌታ ፊት ተዋረደ፣ ጸለየም። በማግስቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጣ፤ በአንድ ወር ውስጥም ከ40 በላይ ሆኑ። ሚያዝያ 11 ቀን 1836 በዊልሰን መንገድ የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ።

ይህን ልብ በሉ። እኛም ከባድ የሚመስለንን ለጌታ እንሰጣለን፤ ቀላል የመሰለንን ግን ለራሳችን እናስቀራለን። ያልጸለይንበትን ነገር ስናገኝ ደግሞ ማመስገን አይታየንም፤ እንደ መብታችን እንቆጥረዋለን።

አጠገብ የነበረው መልስ

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1838፣ ፈተናው በረታ። ሦስት ቤቶች ተከፍተው ነበር፤ ገንዘቡ ግን አለቀ። ሙለር በመስከረም ወር ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያለውን ችግር ነገራቸው። ሕጋቸው ሁለት ነበር፦ ዕዳ አንገባም፣ ከቤታችን ውጭ ላለ ለማንም ችግራችንን አንናገርም። አብረው ተንበረከኩ። ከሠራተኞቹም ያለችውን ከኪሱ ያወጣ ነበረ።

መስከረም 18 ቀን ሊሸጡ የሚችሉ ዕቃዎችን ለመሸጥ ተቃርበው ነበር። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ልጇ ከለንደን የላከችውን 3 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ሰጠችው። ሴትየዋ ብሪስቶል ከደረሰች አራት ወይም አምስት ቀን ሆኗታል። ያረፈችውም ከወንዶቹ ልጆች ቤት ቀጥሎ ባለው ቤት ነበር!

እንግዲህ አስቡት። እነርሱ ተንበርክከው ጌታ ሆይ፣ ወዴት አለህ ሲሉ መልሱ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ነበር። ሰው ቢሆን ያማርር ነበር፤ እዚህ ከነበረ ለምን እስከ ዛሬ ተሠቃየን ይል ነበር። ሙለር ግን ከዚህ ነገር ምስጋና አወጣ። ገንዘቡ ለቀናት ያን ያህል ቀርቦ ሳለ አለመሰጠቱ እግዚአብሔር ከመጀመሪያው ሊረዳቸው አስቦ እንደ ነበረ አሳየው። የዘገየው የልጆቹን ጸሎት መስማት ደስ ስለሚያሰኘውና እምነታቸውን ሊያጸና ስለ ወደደ መሆኑን ተረዳ።

በኅዳር 21 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ በሦስቱም ቤቶች አንዲት ሳንቲም እንኳ አልነበረችም። ሙለር ከሠራተኞቹ ጋር ጸልዮ ወደ ቤቱ ሲሄድ ብርዱ ስለ በረታበት ሰውነቱን ለማሞቅ ረዘም ያለውን መንገድ ያዘ። ቤቱ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው አንድ ወንድም አገኘው። ይህ ሰው ቀደም ብሎ ሊያገኘው ፈልጎ አጥቶት ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ድኾች 10 ፓውንድ፣ ለልጆቹ 5፣ ለሌላው ሥራ 5 ሰጠው። ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ይተላለፉ ነበር። ሙለር ይህችን ግማሽ ደቂቃ ሳይቀር በማስታወሻው ላይ አሰፈራት። በብዙዎቻችን ሕይወት እንዲህ ያሉ ግማሽ ደቂቃዎች አልፈዋል። አልጻፍናቸውም፣ ስለዚህም ረሳናቸው።

በታኅሣሥ 1841 ሌላ ፈተና መጣ። የዓመቱ ሪፖርት የሚወጣበትና ሕዝባዊ ስብሰባ የሚደረግበት ጊዜ ነበር። ካዝናው ደግሞ ባዶ ነበር። ሪፖርቱ በዚያ ሰዓት ቢነበብ ሰው ሁሉ እንደሚረዳቸው ግልጽ ነው። ሙለርና ባልደረቦቹ ግን ሪፖርቱን ለወራት አዘገዩት። በዘወርዋራ መንገድ መለመን እንዳይሆንባቸው ፈሩ። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። እኛ የጸሎት ርእስ እያልን ችግራችንን ለሚሰጥ ሰው የምናሰማበትን ጊዜ ብናስብ የእነርሱ ጥንቃቄ ይወቅሰናል።

ነፋስና ምድጃ

ሥራው እየሰፋ ሄዶ በ1849 በአሽሊ ዳውን ኮረብታ ላይ 300 ልጆች የሚይዝ ትልቅ ቤት ተከፈተ። እስከ 1870 ድረስ አምስት ቤቶች ቆሙ፤ ሁሉም በአንድነት 2,050 ልጆችን የሚይዙ ነበሩ።

በኅዳር 1857 መጨረሻ የመጀመሪያውን ቤት የሚያሞቀው ትልቅ የውሃ ማሞቂያ ማፍሰስ ጀመረ። ማሞቂያው በጡብ የታጠረ ስለ ሆነ ጡቡ እስኪፈርስና ቀዳዳው እስኪገኝ ድረስ እሳቱ መጥፋት አለበት። ልጆቹ ግን ከነሕፃናቱ በብርድ ሊመቱ ነው። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ የሰሜን ነፋስ ይነፍስ ጀመር። ሙለር ሁለት ነገር ለመነ፦ ነፋሱ ወደ ደቡብ ነፋስ እንዲለወጥ፣ ሠራተኞቹም በነህምያ ዘመን እንደ ነበሩት በፍጹም ልብ እንዲሠሩ። እስከ ዋዜማው ማታ ድረስ የሰሜኑ ነፋስ አላቆመም። ረቡዕ ዕለት ሥራው ሲጀመር ግን የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ አየሩ ሞቀ፣ እሳትም አላስፈለገም። ማታ አለቃቸው ሠራተኞቹ አምሽተው እንደሚሠሩ ሲናገር እነርሱ ሌሊቱን ሙሉ መሥራት እንፈልጋለን አሉ። ወደ 30 ሰዓት ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ ሁሉ ተጠናቀቀ፣ እሳቱም ተቀጣጠለ።

በዚህ ውስጥ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። ሙለር ስለ ነፋስ ጸለየ፤ ጠጋኞቹንም ቀጠረ። እምነቱ ሥራ አላስፈታውም። ገቢና ወጪውንም እያንዳንዷን ሳንቲም እየመዘገበ በየዓመቱ ያሳውቅ ነበር። በእግዚአብሔር መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስላቸው ወገኖች ካሉ የዚህን ሰው የሒሳብ መዝገብ ቢያዩ መልካም ነው።

መልሱ እንቢ ሲሆን

እስከ አሁን ያነበባችሁት ልባችሁን ደስ አሰኝቶት ይሆናል። ከእናንተ መካከል ግን የለመነውን ያላገኘ፣ የሚወደውን የቀበረ አለ። ለእንዲህ ያለው አንባቢ የሙለር ሕይወት ምን ይናገራል?

በሰኔ 1835፣ የልጆች ቤት ገና ሳይከፈት፣ ሙለርና ሜሪ ትንሹን ልጃቸውን ኤልያስን ቀበሩ። ዕድሜው አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። በዚያው ሳምንት የሜሪ አባት ዐርፈው ነበር። በ1853 ደግሞ አንዲት ልጃቸው ሊድያ በጽኑ ታማ ለሞት ተቃረበች፤ እርስዋ ግን ተፈወሰች። ለአንዱ ልጅ የጸለየውና ለሌላዋ የጸለየው አባት አንድ ነው፤ የታመነውም አምላክ አንድ ነው። አንዱ ሄደ፣ አንዷ ቀረች። ሙለር በሁለቱም ቀን ያንኑ አባት አመሰገነ።

የካቲት 6 ቀን 1870 ከ39 ዓመት በላይ አብራው የኖረችው፣ የአገልግሎቱ ባልንጀራ ሜሪ ዐረፈች። ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ ከ1,000 በላይ ልጆች ተከተሉ። የቀብሩን ስብከት የሰበከው ሙለር ራሱ ነበር። ቃሉንም ከመዝሙር 119፥68 ወሰደ፤ እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ፣ የሚያደርገውም ቸርነት እንደ ሆነ የሚናገረውን። ስብከቱን በሦስት ከፈለው። ጌታ ሜሪን ሲሰጠው ቸር ነበረ። ይህን ያህል ዘመን ሲያቆይለት ቸር ነበረ። ሲወስዳትም ቸር ነበረ።

ሦስተኛውን ነጥብ ማን ይሰብከዋል? የዕድሜ ልክ ባልንጀራውን ቀብሮ እንዲህ የሚል ሰው በአንድ ቀን አልተሠራም። በሦስት ሽልንግ ያመሰገነ፣ በግማሽ ደቂቃ ያመሰገነ፣ በነፋስ ለውጥ ያመሰገነ ሰው ነው በመቃብር አፍ ላይ ማመስገን የቻለው። ትንሹ ቀን ለትልቁ ቀን አዘጋጀው። ምስጋናው የተደገፈው በመልሱ ላይ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሲቀር ይወድቅ ነበር። የተደገፈው በሰጪው ቸርነት ላይ ስለ ነበረ ግን ቆመ።

ኪሱ የተራቆተ ባለጠጋ

ሙለር ከ1875 ጀምሮ ለ17 ዓመታት በ42 አገሮች እየዞረ ሰበከ። መጋቢት 10 ቀን 1898 ማለዳ በ92 ዓመቱ በብሪስቶል ዐረፈ። በዕድሜው ከ10,000 በላይ ልጆችን ተቀብሎ አሳድጓል። ለሥራው በእጁ ያለፈው ገንዘብ ወደ 1,500,000 ፓውንድ ይጠጋል። ለራሱ ተብሎ ከተሰጠው ውስጥም ከ80,000 ፓውንድ በላይ መልሶ ሰጥቷል። ሲሞት የተገኘው ንብረት ግን 200 ፓውንድ አይሞላም።

ይህ ለዘመናችን ትልቅ ትምህርት ነው። እምነት ባለጠጋ ለመሆን የሚያገለግል ቁልፍ እንደ ሆነ የሚሰብኩ ድምፆች በዝተዋል። ሙለር ከማንም በላይ ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው ነበር፤ የተመለሰለት ግን ለሌሎች ነው። እጁ እንደ ቧንቧ ነበረ፣ እንደ ጎተራ አልነበረም።

እኛስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ማለዳ ልባችሁን በጌታ ደስ አሰኙ። ሙለር በ1841 የተማረው ትልቅ ነገር ይህ ነበር። ከዚያ በፊት ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወዲያው ለመጸለይ ሲሞክር ሐሳቡ ይበተንበት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አስቀድሞ ቃሉን እያሰላሰለ ማንበብ ጀመረ፤ ጸሎቱና ምስጋናው ከዚያ ይፈልቅለት ጀመር።

ሁለተኛ፣ ጻፉ። አንድ ደብተር ያዙ። የለመናችሁትንና የተቀበላችሁትን ከነቀኑ አስፍሩ። ትንሹን አትናቁ። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት በሰላም መመለሱን፣ ያልጠበቃችሁት ሰው መደወሉን፣ የወሩ ወጪ እንደ ምንም መሸፈኑን ጻፉ። ከዓመት በኋላ ስታነቡት ያ ደብተር ይሰብክላችኋል።

ሦስተኛ፣ ለዛሬ ብቻ ለምኑ። ጌታችን ያስተማረን የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን ነው (ማቴ. 6፥11)። የነገውን ጭንቀት ዛሬ የተሸከመ ሰው የዛሬውን ምሕረት ማየት አይችልም።

አራተኛ፣ መልሱ ሲዘገይ የእግዚአብሔርን ልብ አትጠራጠሩ። ምናልባት ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ይሆናል። እናንተ የምታስቡት ዓይነት መልስ ባይሆንም እንኳ ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲሠራ የሚያደርግ አባት አላችሁ (ሮሜ 8፥28)።

ወገኖቼ፣ የብሪስቶሉ ልጆች አባት የታመነበት አምላክ አልሞተም፤ እጁም አላጠረችም። ዛሬ ማታ ማዕዳችሁ ላይ ያለው ብዙም ይሁን ጥቂት ከመቁረሳችሁ በፊት ቀና በሉና ሰጪውን አመስግኑት። እንደ ቁምነገር የማንቆጥረው ያ አጭር ጸሎት የመታመን የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ጌታ ይባርካችሁ! አሜን።